ባለ አንድ ዓይኗ የዓሣ ሌባ

ሌባችንን የመብራት ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ያገኘናት ከመዋዕለ ሕፃናት ስንመለስ ነው። የእህቴን ልጅ እጇን ይዤ በፌርፋክስ ጎዳና፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ባሉበት በኩል እየሄድን ነበር። ምሰሶው ላይ ረጅም ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ባልዲ ይዛ በዝናብ ትሄዳለች። የተሣለችው በጎኗ ስለሆነ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው።

«ሌባዋ!» ብላ ጮኸች ሚጣ። ቤት ውስጥ ሁላችንም ሚጣ ነው የምንላት። «አክስቴ፣ ሌባዋ! ሌባዋ!»

አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ወንበር አውጥተው የተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ዞር አሉ። አንደኛው ኪሳቸውን ዳበሱ።

«የታለች?»

ሚጣ በጣቷ ወደ ላይ አሳየቻቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው ጨርቁን አዩና «ይቺማ ተሰቅላ የለም እንዴ! ፍርዷን አግኝታለች» አሉ። ጓደኛቸው ሳቁ። ሚጣም ሳቀች። እኔ ግን ፊቴ ጋለና እየጎተትኳት አለፍኩ። ሰው ዞሮ ሲያየኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ።

ከሥዕሉ ሥር በትልልቁ የተጻፈ እንግሊዝኛ ነበር። አንዱን ቃል ብቻ አወቅኩት፤ ሙዚየም የሚለውን። የቀረውን ያነበበችልን እህቴ ናት፤ ከሥራ ስትመጣ ሚጣ እጇን ይዛ ወደ ምሰሶው ወሰደቻት። አንዲት ጃፓናዊት ሠዓሊ ዕድሜዋን ሙሉ የልጆች መጽሐፍ ስትሥል ኖራ ሞታለች፤ ሥዕሎቿን ከሀገሯ አምጥተው እኛው መንገድ መጨረሻ ላይ ባለው ሙዚየም ሊያሳዩ ነው። እህቴ ይህን አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ያ የምታነቢላት መጽሐፍ የእሷ ነው?»

«መሰለኝ።»

«ኦኬ። ሄደን እናየዋለን።»

ይህ «እናየዋለን» ተራ ቃል አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህር እህቴን ጠርታት ነበር። ሚጣ ክረምቱ ሲያልቅ ትልቁ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ በየቀኑ በእንግሊዝኛ ሊነበብላት ይገባል አለቻት። እህቴ ሆሊውድ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ነው የምትሠራው፤ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል። የእኔ ግን አይፈስም። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያውም እዚያው የትውልድ ከተማዬ። ስለዚህ እህቴ ታብሌት ገዝታ መጣች። ታብሌቱ ራሱ ያነብባል። ከመክሰስ በኋላ ያለው ሰዓት፣ እኔና ሚጣ ሶፋው ላይ ሆነን መጽሐፍ የምናይበት፣ ለታብሌቱ ሊሰጥ ነው ማለት ነው።

ስለዚያ ሰዓት ምን እንደምል አላውቅም። ሱቅ ስገባ በጣቴ እጠቁማለሁ። አውቶቡስ ላይ ሰው ቢያናግረኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰላምታ ሲሰጡኝ ድምፄ አይወጣም። በቀን ውስጥ ሳላፍር የማወራው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር። እህቴን ተዪው ብዬ ልለምናት ፈልጌ ሦስት ቀን ሙሉ ሳልናገር ቀረሁ። እሷ ግን ፊቴን አይታ ይሁን አላውቅም፣ ከምሰሶው ስንመለስ እንዲህ አለች፦

«መጽሐፉ ጥሩ ነገር ከሆነ ትቀጥላላችሁ። ካልሆነ ታብሌቱ። በቃ።»

መጽሐፉን ያገኘሁት ከመንገድ ነው። እዚህ አገር ሰው ቤት ሲለቅ የማይፈልገውን ዕቃ ካርቶን ውስጥ አድርጎ ደጅ ያስቀምጣል፤ የፈለገ ይወስዳል። ከካርቶኑ ውስጥ ድስት ክዳን፣ አንድ እግር ጫማና ይህ መጽሐፍ ነበሩ። ገልጬ ሳየው ፊደሉ ከላይ ወደ ታች እንደ ዝናብ ይወርዳል። እንግሊዝኛ አይደለም። ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በዚያ ጊዜ ሚጣ አራት ዓመት አልሞላትም፤ ግን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሳነብላት ታርመኝ ነበር። «እንደሱ አይባልም አክስቴ» ትለኛለች። ደግሜ እሞክራለሁ። «እንደሱም አይባልም።» አንድ ቀን እንግዳ በተሰበሰበበት «አክስቴ ማንበብ አትችልም እኮ» ብላ ተናገረች፤ ሰዉ ሳቀ፤ ልጅ ናት ምን ይደረጋል። ይህን የጃፓን መጽሐፍ ግን እህቴም አትችለውም፣ ባሏም አይችለውም፣ ሚጣም አትችለውም። በዚያ ቤት ውስጥ ከሁሉም ጋር እኩል የሆንኩበት መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር።

እንደማንኛውም መጽሐፍ ከግራ ጀምሬ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጅቷ ባልዲ ይዛ ወንዝ ዳር ቆማለች፤ ውሃው ውስጥ ዓሣ አለ። ቀጥሎ ድልድይ ላይ ናት። ቀጥሎ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ውሻ ባልዲዋን ያሸታል። ቀጥሎ ቤት ውስጥ እናትና ልጆች ባዶ ማዕድ ከበው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው፣ በሁለት ሁለት ዓይናቸው ያዩናል። መጨረሻው ገጽ ላይ ዓሣው ደጃፍ ላይ ባለ የዝናብ ውሃ ውስጥ ነው። ልጅቷ በየገጹ አለች፤ በየገጹም በጎኗ ናት።

ታሪኩ ለእኔ ግልጽ ነበር። እኔ ያደግኩት ጎጃም ውስጥ ነው። ሰፈራችን ያለችው ቤተ ክርስቲያን የመቅደሷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቅዳሴው ሲረዝምብኝ እናቴ ጆሮዬ ሥር እያንሾካሾከች ሥዕሎቹን ታስረዳኝ ነበር። «ደጉ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፤ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ክፉው በጎኑ ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው» አለችኝ። ጌታን የሚገርፉት ወታደሮች አንድ ዓይን ናቸው። ሰይጣን አንድ ዓይን ነው። ፊደል ሳልቆጥር በፊት ያወቅኩት ንባብ ይህ ነው። ታዲያ ባልዲ ይዛ ወንዝ ዳር የቆመች ባለ አንድ ዓይን ልጅ ሌባ ካልሆነች ምን ልትሆን ነው?

ስለዚህ ለሚጣ እንዲህ ብዬ ነገርኳት። ሌባዋ ዓሣውን ከወንዙ ሰረቀች። ድልድዩን በጥድፊያ ተሻገረች። ሱቁ ጋ ስትደርስ ውሻው ሸተተውና «ቁሚ! ባልዲው ውስጥ ምን አለ?» አላት። እዚህ ላይ ድምፄን እንደ ሰፈራችን የቀበሌ ዘበኛ ወፍራም አደርገዋለሁ፤ ሚጣ በሳቅ ትንከባለላለች። ሌባዋም «ልብስ ነው ጋሼ ውሻ፣ ላጥብ ነው» ትላለች። ቤት ስትገባ እነዚያ ደጋጎቹ ምንም ሳያውቁ ቁጭ ብለዋል። ዓሣው ግን ከባልዲው ዘሎ ደጅ ወጣ፤ እግዜር ዝናብ አዘነበለትና በዝናቡ ዋና እየዋኘ አመለጠ። አለቀ። «እንደገና!» ትላለች ሚጣ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። «ለምንድን ነው ወደ ኋላ የምትሄደው?» አለች፤ እውነቷን ነው፣ ልጅቷ በየገጹ ፊቷን ያዞረችው ወደ ግራ፣ ወዳለፍነው ገጽ ነው። አሰብኩና «ሌባ ስለሆነች ነዋ፤ የሚከተላትን ሰው አቅጣጫ ልታሳስት» አልኳት። በመልሴ ኮራሁ።

ሙዚየሙ የሄድነው እሁድ፣ ከቅዳሴ ወጥተን በዚያው ነው። ነጠላችንን እንኳ አላወለቅንም። የእህቴ ባል ፓርኪንግ ነው የሚሠራው፤ ምድር ቤት መኪናውን ሲያቆም «በእረፍት ቀኔም ፓርኪንግ!» እያለ ያማርር ነበር፤ ደግሞም የሌላውን ሰው አቋቋም እያየ «ይሄ እንዴት ነው ፓርክ ያደረገው?» ይላል። በሩ ላይ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ልብሳችንን አድንቃ እኛም የትርኢቱ ክፍል እንደሆንን እህቴን ጠየቀቻት። እህቴ ሳቀች። እኔ ባሏ ጀርባ ተደበቅኩ።

ውስጡ ነጭ ነው፤ ፀጥ ያለ ነው። መግቢያው ላይ የሠዓሊዋ ፎቶ አለ። መነጽር ያደረገች አሮጊት ናት፤ ጣቷ ላይ ቀለም ነክቷታል። እህቴ ከሥሩ ያለውን አነበበችልን። በሀገሯ በእሷ መጽሐፍ ያላደገ ልጅ የለም፤ ትኖርበት የነበረውን ቤት ሙዚየም አድርገውላታል፤ ሰው ከየቦታው ልጁን ይዞ ይሄዳል ይላል። የሚያለቅሱም አሉ ይላል። «ለልጆች ሥዕል!» አለ የእህቴ ባል።

እኔ ግን አልገረመኝም። ሥዕሎቹን ተጠግቼ አየኋቸው። ወረቀቱ ውሃ ባረፈበት ቦታ ትንሽ ተኮማትሯል። ከቀለሙ ሥር የእርሳስ መስመር ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ እጅ ሥላ ኋላ ሌላ ቦታ አዛውራዋለች። ዝናቡ ደግሞ አልተሣለም፤ ቀለም ያልነካው የወረቀቱ ነጭ ነው ዝናብ የሆነው። መጽሐፉ ላይ ይህ ሁሉ አይታይም። በጣም ተጠግቼ ኖሮ ጥበቃው መጣና የነጠላዬን ጫፍ በጣቱ አሳየኝ። ሰብስቤ ወደ ኋላ አልኩ። ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። እህቴም ደስ ብሏት ነበር። ትፈቅድልኛለች ብዬ ተማመንኩ።

የእኛ መጽሐፍ ሥዕሎች አንድ ግድግዳ ላይ በተርታ ተሰቅለዋል። ሚጣ ሮጣ ሄደች፤ የመጀመሪያው ፊት ቆመችና በአማርኛ ጮኸች።

«ተሳስተዋል! ይሄ መጨረሻው ነው!»

አየሁ። መጀመሪያ የተሰቀለው ደጃፍ ላይ ያለው ዓሣ ነው። መጨረሻው ወንዙ ነው።

ደረቷ ላይ ካርድ ያንጠለጠለች አንዲት ወጣት ልጆች እያስጎበኘች ነበር። የሚጣን ጩኸት ሰምታ መጣችና ቁጢጥ ብላ ምን ሆነሽ አለቻት። የሚጣን እንግሊዝኛ ስለለመድኩት፣ ወጣቷም ለልጅ ብላ ቀስ እያለች ስለምትናገር ያሉትን ሁሉ ሰማሁ።

«መጨረሻውን መጀመሪያ ላይ ሰቅላችሁታል» አለቻት ሚጣ።

«እውነት? መጀመሪያው የቱ ነው?»

«ወንዙ ነዋ። ሌባዋ ዓሣውን የሰረቀችበት።»

«ሌባ ናት እንዴ? በምን አወቅሽ?»

«አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት።»

በዙሪያችን የነበረ ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። አስጎብኚዋ ግን አልሳቀችም፤ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ይህ መጽሐፍ የሚገለጠው ከቀኝ ነው። ዝናቡ ወንዙን አስሞላውና ዓሣው ልጅቷ ደጅ ድረስ መጣ። ቤት ውስጥ የሚበላ የለም። ልጅቷ ግን ዓሣውን በባልዲ ይዛ ሱቁን አልፋ፣ ድልድዩን ተሻግራ ወደ ወንዙ መለሰችው። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚወዳት አለች።

ሚጣ አንገቷን አዙራ አየችኝ።

«አክስቴ?»

ዓይኔን ወደ ሥዕሉ መለስኩ።

«አክስቴ፣ ንገሪያት!»

ልነግራት ፈልጌ ነበር። ስለ መቅደሱ ግድግዳ፣ ስለ እናቴ፣ በጎናቸው ስለተሣሉት ሁሉ የማውቀው ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን በአማርኛ ነው የመጣው። የነጠላዬን ጫፍ ይዤ ቆምኩ። ሚጣ ጠበቀችኝ። አስጎብኚዋም ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ፤ ያ መጠበቋ ይብስ አሳፈረኝ። በመጨረሻ እህቴ «ሶሪ፣ ሶሪ» ብላ ሚጣን ወደ ራሷ ሳበች።

«ምን ብለሽ ነው ስታስተምሪያት የከረምሽው?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ይሄ እኮ የቤተ ክርስቲያን ደንብ ነው» አለ ባሏ። «እኛም ሰፈር ይሁዳ በጎኑ ነው የተሣለው።»

«አንተ ደግሞ ይሁዳን እዚህ ምን አመጣው?»

«እኔ ምን አልኩ? ለእሷ ብዬ ነው።»

«ለእሷ ብለህ ዝም በልልኝ።»

የቀሩትን ክፍሎች ሳናይ ወጣን። ቤት እንደገባን እህቴ መጽሐፉን አንስታ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «በቃ፣ ታብሌቱ ይሻላታል። አንቺም ታርፊያለሽ» አለችኝ። ታርፊያለሽ! ከምኑ ነው የማርፈው?

ተሳሳትሽ መባሌ አይደለም ያናደደኝ። መጽሐፍ ከቀኝ የሚገለጥበት አገር መኖሩን የት አውቄ? የሚያናድደኝ ሚጣ «ንገሪያት» ያለችው ነው። እሷ አምናኛለች። የማውቅ መስሏት ነው። እኔ ደግሞ አውቅ ነበር፤ ቢያንስ ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አውቅ ነበር፤ ግን እንደ ግድግዳው ቆምኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአሮጊቷ ሠዓሊ እናደዳለሁ። ደግ ልጅ ናት ካልሽ ምን አለበት አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷን ብታዞሪልን? አንድ ገጽ! ዕቃ እያጠብኩ ከሞተች ሴትዮ ጋር እጣላ ነበር።

ታብሌቱ ሥራውን ጀመረ። የምታነበው ሴትዮ ድምፅዋ ያምራል፤ አይደክማትም፣ ውሃ አይጠማትም። ሚጣ መሀል ላይ «ለምን?» ብላ ብትጠይቅ ግን ወደሚቀጥለው ገጽ ታልፋለች። ሚጣ ታዲያ «ለምን»ዋን ይዛ ወጥ ቤት ትመጣለች። መጀመሪያ ስለ ታብሌቱ ታሪኮች ነበር የምትጠይቀኝ። ኋላ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች።

«ሌላው ዓይኗ የት ነው?»

«በዚያኛው በኩል ነው» አልኳት።

«አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«ሶ፣ በምን አወቅሽ?»

በየቀኑ ጠየቀችኝ። ገላዋን ሳጥባት፣ ጫማ ሳስራት፣ ፒኮ ጎዳና ላይ የትራፊክ መብራት ስንጠብቅ። ለእሷ ነገሩ አላለቀም ነበር። ደግ ናት ብለዋታል፤ ዓይኗ ግን አንድ ነው። አንድ ቀን አባቷ እረፍት ሆኖ ቤት እያለ ይህን ጥያቄዋን ሰማ። «ያላያችሁት ክፍል አለ አይደል? ሄዳችሁ ፈልጉዋ። እኔ እንደሆንኩ ተባርሬያለሁ፣ ይሁዳን አምጥቼ» አለና ሳቀ። እህቴ ያን እሁድ ለዓመት ሙዚየሙ የሚያስገባ የቤተሰብ ካርድ አውጥታ ስለነበር ወስዶ በሩ ላይ አወረደን። ለእህቴም ደውሎ ነገራት፤ «ይሂዱ» አለች።

ከመግቢያው እስከ እኛ መጽሐፍ ግድግዳ ድረስ ሚጣ እጄን አለቀቀችም። እዚያ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት የልጅ ልጇን ይዛ ሥዕሎቹን እያሳየቻት ነበር። ከደጃፉ ጀምራ በጣቷ እያመለከተች ትነግራታለች። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን አንድ ቃል አልፎ አልፎ ትደጋግማለች፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ወደሚቀጥለው ስትሄድ። «ከዚያ» ማለቷ ነው ብዬ ገመትኩ። ልክ ውሻው ጋ ስትደርስ ድምፅዋን አወፈረች። ትንሿ ልጅ ሳቀች። እኔና ሚጣ ተያየን።

«የእኛ ውሻ!» አለችኝ በሹክሹክታ።

የመጨረሻው ክፍል ጠባብ ነው። መሀሉ ላይ መስታወት የለበሰ ጠረጴዛ አለ፤ ከውስጡ ሠዓሊዋ የተለማመደችባቸው ወረቀቶች ተዘርግተዋል። ባልዲ ብቻ አለ። እግር ብቻ አለ። ሚጣን አቅፌ አነሳኋት፤ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄድን። ጥጉ ጋ አንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ የልጅቷ ራስ ብቻ፣ ቀለም የሌለው፣ በእርሳስ ተሥሏል። ፊት ለፊት። ሁለቱ ዓይኖቿ ቀጥ ብለው ያዩናል።

ሚጣ አልጮኸችም። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች። ክንዴ ዝሏል፤ አላወረድኳትም።

«አክስቴ» አለች በመጨረሻ፤ «ንስሐ ገባች።»

ከእቅፌ ወርዳ ወደ ግድግዳው ጎተተችኝ። መጀመሪያ ከወንዙ ወደ ደጃፉ ሄደች፤ «እዚህ ሰረቀች፣ እዚህ ደበቀች፣ እዚህ ዓሣው አመለጠ» እያለች። ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። «እዚህ ንስሐ ገባች» አለችና ዞራ ወደ ወንዙ መመለስ ጀመረች፤ «አሁን እየመለሰችው ነው» አለች። ያው ሥዕል፣ ሲሄዱበት ስርቆት፣ ሲመለሱበት ምሕረት። እኔ ያን ሁሉ ቀን ከሞተች ሴትዮ ጋር ስጣላ ይህ ለምን አልመጣልኝም?

ያንን የእርሳስ ሥዕል ለእህቴ ላሳያት ፈለግኩ። ክፍሉ በር ላይ ካሜራ የተሠረዘበት ምልክት አለ፤ ስልኬን መልሼ ቦርሳዬ ከተትኩ። የሚሸጡበት ቦታ ሄድን። ካርዶቹ ሁሉ በጎኗ ናት፤ ኩባያው ላይ በጎኗ፣ ከረጢቱ ላይ በጎኗ። ለሻጩ የምለውን በልቤ አዘጋጀሁ፤ ሦስት ቃል ነው። ደጋግሜ አልኩት። ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ጠፋብኝ። የጠየቀችልኝ ሚጣ ናት። የለም አላት። ባዶ እጄን ወጣሁ፤ ሙዚየሙን ሁሉ በእርግጫ ብለው ደስ ባለኝ።

እህቴ ስትመጣ ሚጣ በሩ ላይ ተቀበለቻት።

«ማሚ፣ ሌባዋ ንስሐ ገባች!»

እህቴ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። ሚጣ ለእናቷ የምትመልሰው ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ብትጠይቃትም በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህን ግን በአማርኛ ነው ያለችው።

«ምን አለች?» አለችኝ እህቴ።

«ዓይኗን አየን» አልኩ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ እህቴ ወንበር ላይ ወጥታ መጽሐፉን ከፍሪጁ አናት አወረደች። አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገችው። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፤ እጄን ለማድረቅ ፎጣ አነሳሁ። ለእኔ የምትሰጠኝ መስሎኝ ነው። እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ሚጣን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ፣ አንቺ ንገሪኝ። በአማርኛ።»

ፎጣውን መለስኩት።

ሚጣ ጀመረች። ከግራ ነው የገለጠችው። «አንድ ሌባ ነበረች» አለች። ግሡን ታበላሻለች፤ ዓሣውን «እሷ» ትለዋለች። ወንዙን ተናገረች። ድልድዩን ተናገረች። እህቴ «ከዚያስ?» ትላለች፤ ደግማ «ከዚያስ?» ትላለች፤ እናታችን የምትለው አይነት «ከዚያስ» ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መጽሐፉ ወርዷል፣ አማርኛው ተፈቅዷል። ግን ከአሁን በኋላ የእሁዱ ንባብ የእናትና የልጅ እንደሚሆን፣ በቀሩት ቀናት ታብሌቱ እንደሚቀጥል፣ የእኔ ሰዓት እንደማይመለስ ከአቀማመጣቸው አወቅኩ። ማንም ክፉ አልሠራብኝም። የምወቅሰው ሰው ማጣት ደግሞ ራሱ ያንገበግባል።

«ከዚያ ቤት ገባች» አለች ሚጣ።

ውሃውን ዘጋሁ። ውሻውን ዘለለችው! ሁለት ገጽ አንድ ላይ ገልጣ፣ ውሻውን ጥላው ሄደች። ስንት ቀን የለፋሁበት ውሻ! ጃፓናዊቷ አሮጊት እንኳ ያልዘለለችውን!

«ውሻው» አልኩ። ከአፌ የወጣው ለራሴም አልተሰማም።

«ከዚያስ?» አለች እህቴ።

«ከዚያ እነዚህ ደጋጎቹ...»

«ውሻውን ረሳሽው!»

ጮክ ብዬ ነበር። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። እጄ ላይ አረፋ አለ፤ ክርኔ ላይ ይወርዳል። ሚጣ ገጹን መለሰች፤ ሥዕሉን አየች፤ ጣቷን ውሻው ላይ አድርጋ አሰበች።

«እሺ» አለች። «እኔ እነግራለሁ። አንቺ ውሻውን ሁኚ።»

ከጠቅላላው መጽሐፍ ለእኔ የደረሰኝ እሱ ነው። እርጥብ እጄን ቀሚሴ ላይ ጠረግኩና ገብቼ ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። እህቴ እያየችኝ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ቁሚ!» አልኩ፤ በዚያ በቀበሌው ዘበኛ ድምፅ። «ባልዲው ውስጥ ምን አለ?»